አንቀጽ የሸመደድን፣ መጥሪያ ያላወቅን

ባለፈው እትም ላይ አንድ ጓደኛችን ሕግን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው ሲል ጽፎ አነበብን። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕግ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ግማሽ እውቀት ከአለማወቅ የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ለገጠሩ ሕዝብ የሚያስፈልገው ጠበቃ እንጂ አንቀጽ የሚጠቅስ ጎረምሳ አይደለም። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ቀልዱም አስቆናል። ዶርም ውስጥ ጮክ ብለን ስናነበው ግን ከመካከላችን አንዱ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ የነገረን መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ይህን መልስ የጻፍነው በእርሱ ፈቃድ ነው።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ በመካከላችን የሕግ ተማሪ የለም። የመጣነውም ከሚዛን፣ ከቴፒ፣ ከማሻና ከጌጫ ነው። ጌጫን የማያውቅ ቢኖር፣ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዝናብና ጭጋግ አይለያትም፤ ዙሪያዋን እንሰት፣ ቡናና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ዓለም ባወቀው በዚህ ደን ውስጥ ግን ዓለም ያላወቀው ሕግ አለ። ወደ እርሱ እንመጣለን።

በመጀመሪያ የተማርነውን እንይ። በመሰናዶ ሳለን የሕግ ትምህርት የደረሰን «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» በሚል ስም ነው፤ ሲቪክስ እንለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦ የዜግነት ትምህርት የሚባል መጥቷል፤ እኛ የምንናገረው በራሳችን ስላለፈው ነው። ምዕራፎቹ 11 ነበሩ፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍልም ያው አሥራ አንዱ። ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ራስን መቻል፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ጥበብን መሻት። እስኪ መለስ ብላችሁ አንብቡት። ሕግ ከቁጠባና ከታታሪነት ጋር አንድ ሰልፍ ይዞ ቆሟል። ማለት፣ ሕግ የተሰጠን እንደ ጥሩ ጸባይ ነው። ጥሩ ልጅ ይቆጥባል፤ ጥሩ ልጅ ይታትራል፤ ጥሩ ልጅ የሕግ የበላይነትን ያከብራል። ሕግ እንደ ገጀራ መሣሪያ መሆኑን፣ እጀታ እንዳለው፣ በእጀታው ካልያዙት የያዘውን ሰው ራሱን እንደሚቆርጥ ማንም አልነገረንም።

መምህራችንን አንወቅስም። ክፍሉ ሙሉ ነበር፤ መጽሐፉ አልቆ ፈተና መድረስ ነበረበት፤ ፈተናው ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ሲቪክስ ለዓመታት ከመልቀቂያ ፈተናው ትምህርቶች አንዱ ስለነበር የሚፈለገው ትክክለኛውን ፊደል ማጥቆር ነበር። አጠቆርን። ጥሩ ውጤትም አመጣን።

ቋንቋውስ? መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ነገሩ አስቂኝ ስለሆነ። ስለ ሕገ መንግሥቱ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የዚያው ሕገ መንግሥት የመጨረሻ አንቀጽ፣ 106ኛው፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረው ይላል። እንግዲህ የጌጫ ልጅ በቤቱ የሸካ ቋንቋ ይናገራል፤ ገበያ ወጥቶ አማርኛ ይቀላቅላል፤ ክፍል ገብቶ በሚገባህ ቋንቋ ሊነገርህ መብት አለህ የሚለውን ነገር በማይገባው ቋንቋ ይሸመድዳል። ይህን ቀልድ ብለን ፈጥረን ብንጽፈው የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ተጋነነ» ብለው ይመልሱልን ነበር።

ነገሩ የመሰናዶ ብቻ አይደለም። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ፤ ማስተማሪያውም እንግሊዝኛ ሆነ። ዛሬም የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን በእንግሊዝኛ ተምረው ሲያበቁ አማርኛ ችሎት ላይ ይቆማሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ነው። እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ትርጉም ሥራ ስንከራከር ውለን እናድራለን፤ በትርጉም ስለሚዳኝ አገር ግን አንድም ጊዜ አልተከራከርንም።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት፣ ለሴሚስተር እረፍት፣ ከጌጫ ወጣ ብሎ ወዳለው ቀበሌያቸው ገባ። አጎቱ ከአባታቸው የወረሱት ኮቦ አላቸው። ኮቦን ለማታውቁ፣ በሸካ ልማድ ደን ባለቤት የሌለው ጫካ አይደለም። ተከፋፍሎ የተያዘ ነው፤ የእገሌ ኮቦ ከዚህ ወንዝ እስከዚያ ዛፍ ይባላል። በዚያ ክልል ቀፎ የሚሰቅለው ባለኮቦው ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ዛፉን ቆርጦ የሚጥል ባለኮቦ የለም፤ ዛፉ ከሌለ ቀፎም ማርም የለም። ዩኔስኮ ሳይመጣ ደኑን ያቆየው አንዱ ነገር ይኼ ነው። ኮቦ ግን ወረቀት የለውም። ድንበሩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው።

ከደኑ ጠርዝ ቡና የተከለ አንድ ጎረቤት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ይዞ፣ ከኮቦው አንዱን ቁራጭ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ። መጥሪያ መጣ። አጎት መጥሪያውን ይዘው ወደ ተማረው ልጅ ሄዱ።

«አንተ ሕግ ተምረሃል አይደል? ይኼ ምን ይላል?» አሉት በቋንቋቸው።

ጓደኛችን በሲቪክስ 94 ያመጣ ልጅ ነው። አነበበው። አንቀጽ 40 ትዝ አለው፤ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው የሚናገረው። ደረቱን ነፋ አድርጎ «ጋሼ፣ ሕገ መንግሥቱ ከመሬትዎ ማንም አይነቅልዎትም ይላል። ይኼ ማስፈራሪያ ነው፤ ዝም ይበሉት» አላቸው። አጎት ደስ አላቸው። ልጁን በማስተማራቸው ኮሩ፤ ደብተርና ልብስ የገዙለት እርሳቸው ነበሩና። መጥሪያውን አጥፈው ጣሪያው ሥር ሰኩት። በቀጠሮው ቀን ደን ገብተው ቀፎ ይሰቅሉ ነበር።

ከሳሽ ቀረበ፤ ተከሳሽ አልቀረበም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን፣ መጥሪያ በደንብ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ታየ፤ ተፈረደ። አጎት ፍርዱን የሰሙት አፈጻጸም ሲመጣ ነው።

ያን ጊዜ ጓደኛችን ግቢ ተመልሷል፤ ስለ ዘመናዊ ልብ ወለድ ታሪክ ሴሚናር እያዘጋጀ ነበር። አጎት ወደ እርሱ አልደወሉም። ወደ ፍርድ ቤቱ በር ሄደው፣ እዚያ ማመልከቻ ጽፎ የሚያድር አንድ ራፖር ጻፊ ዘንድ ተቀመጡ። ሰውየው ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ አይመስልም፤ ይህን ያሉት አጎት ናቸው። የመጀመሪያ ጥያቄው «ፍርዱን ከሰሙ ስንት ቀን ሆነዎት?» የሚል ነበር። ሃያ ሦስት ቀን። «ጎሽ፣ ወር አልሞላም» አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት፣ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ዘጠና አራት ያመጣው ልጅ ይህን አያውቅም ነበር። እኛም አናውቅም ነበር። ይህን ስታነቡ ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ሁለተኛው ጥያቄ ከበደ። አንቀጹ ፍርዱ የሚነሳው መጥሪያው በደንብ ካልደረሰ ወይም ተከሳሹ ለመቅረት በቂ ምክንያት ከነበረው ነው ይላል። ራፖር ጻፊው ጠየቀ፣ ምን ብዬ ልጻፍ? ታመው ነበር ወይ? አጎት አልታመምኩም አሉ። ወንዝ ሞልቶ ነበር ወይ? አልሞላም። ታዲያ ለምን ቀሩ? አጎት የወንድማቸው ልጅ አትሂድ እንዳላቸው አልተናገሩም። «ስላላወቅሁ ነው በል» አሉት። ሰውየው ይህ በቂ ምክንያት አይሆንም ብሎ ለመናቸው። አጎት ሌላ ነገር አልጨምርም አሉ። ማመልከቻው እንደዚያው ገባ፤ ተቀባይነትም አላገኘ። ቁራጩ የኮቦ መሬት ዛሬ ቡና ተተክሎበታል።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ የሰማው ከወራት በኋላ ነው፤ ከአጎቱ ሳይሆን ከእናቱ።

እንግዲህ ያለፈው እትም ጸሐፊ ይህን ሲያነብ «አላልኳችሁም!» ሊል ይችላል። ግማሽ እውቀት ይገድላል ብሎ ነበርና። በዚህ እንሸነፍለታለን፤ ጓደኛችን ምንም ባይማር ኖሮ «አላውቅም፣ ፍርድ ቤት ሄደው ይጠይቁ» ይል ነበር፤ አጎትም ይቀርቡ ነበር። ነገር ግን የእርሱ መድኃኒት ግማሹን ጠቅልሎ መጣል ነው፤ የእኛ ደግሞ የቀረውን ግማሽ መጠየቅ ነው። ጠበቃ ይሰጣቸው ማለቱም መልካም ነው፤ አንቃወምም። ይሁን እንጂ መጥሪያ ከጠበቃ ቀድሞ ቤት ይገባል። መጥሪያ የሚመጣው ጣሪያ ሥር ለመሰካት እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚያ ቤት ከሌለ፣ በከተማው ውስጥ ስንት ጠበቃ ቢኖር ምን ይፈይዳል? ጠበቃ ዘንድ ለመሄድም እኮ መሄድ እንዳለብህ ማወቅ ይቀድማል።

ልዩነታችን እዚህ ነው። እኛ የተማርነው ሕግ ላይኛው ብቻ ነበር፤ መብት፣ መርሕ፣ የበላይነት። ታችኛው፣ መብቱ የሚሄድበት መንገድ፣ የለም። ክስ፣ መጥሪያ፣ መከላከያ መልስ፣ ማስረጃ፣ ይርጋ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም፤ ከእነዚህ ቃላት አንዱንም ክፍል ውስጥ አልሰማንም።

አጎት ቢቀርቡስ ይረቱ ነበር ወይ? መርታታቸው የተረጋገጠ አልነበረም፤ ክርክር ግን ነበራቸው። ያም ክርክር ለአንድ የ12ኛ ክፍል ክፍል የሁለት ሳምንት ትምህርት ይወጣዋል። እስኪ እንሞክረው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347፣ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረውን ልማድ፣ በግልጽ ካልተጠበቀ በቀር፣ ሻረ። የማን ልማድ እንደተሻረ ፓሪስ ላይ ያረቀቀው ሰው ሊያውቅ አይችልም፤ ኮቦን ማን ነግሮት? ቀጥሎ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይብለጥ አለ። ታላቅ አዋጅ ነው፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉለት። ግን ራሹን እንጂ ማር ቆራጩን አላሰበም። አርሶ የማይበላ፣ ደኑን ሳይነካ በደኑ የሚኖር ሰው በዚያ አዋጅ ምን ይባላል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በዚያው በአንቀጽ 40 ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ባፈራው ቋሚ ንብረትና ባደረገው መሻሻል ላይ መብት አለው። ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ቋሚ ነው ወይስ ተንቀሳቃሽ? ዛፉን ለሦስት ትውልድ ሳይቆርጡ ማቆየት መሻሻል ነው ወይስ ምንም አለማድረግ? የ1999ኙ የደን አዋጅ ቁጥር 542 ሁለት ዓይነት ደን ብቻ ያውቅ ነበር፤ የመንግሥትና የግል። ኮቦ በሁለቱ መካከል ወደቀ። የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደን የሚል በር ከፈተ። ኮቦ በዚያ በር ይገባል ወይ? ሽማግሌዎቹ ኮቦውን ለአጎት ቢፈርዱስ? ሕገ መንግሥቱ የባህል ዳኝነትን የሚያውቀው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው፤ መሬት በዚያ ውስጥ የለም።

ይኼ ይከብዳል? አይከብድም። ከሎጋሪዝም አይከብድም። የጌጫ ልጅ ከመምህሩ የተሻለ የሚያውቀው ክፍልም አለበት፤ ኮቦ ምን እንደሆነ አያቱ ነግረውታልና። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪው የሚያስረዳ፣ መምህሩ የሚጠይቅ ይሆን ነበር።

በእንግሊዝ አገር ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ሲዘጋጁ ከፈለጉ ሕግን እንደ አንድ ትምህርት ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ በ1928 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ አንዲት ሴት የጠጣችው ጠርሙስ ነው፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ተገኘበት ተባለ፤ አምራቹን ከሰሰች፤ በ1932 የተሰጠው ውሳኔ አምራች ለማያውቀው ጠጪም መጠንቀቅ አለበት የሚለውን ሕግ አጸና። ከጠርሙስ ተነሥተው ወደ መርሕ ይወጣሉ። እኛ ከመርሕ ተነሥተን የትም አልወረድንም። የእኛ ሕግ እኮ ጠርሙስ አያጣም። ከብቱ የጎረቤት እንሰት ቢበላ ባለቤቱ ኃላፊ መሆኑን፣ ከብቱ አምልጦ እንኳ ቢሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 ተጽፏል። በጌጫ ይህ ጉዳይ በየሳምንቱ አለ። ትምህርቱ ከዚያች ላም ቢጀምር ምን ነበረበት?

ልጆች ሕግ ቢማሩ ነገረኛ ይሆናሉ የሚሉም አሉ። ይህ ጸሐፊው ያላነሳው፣ ግን ቤታችን ሁልጊዜ የምንሰማው ነው። ነገረኛ የሚሆነው ሕግ የሚያውቅ አይደለም፤ ሌላው እንደማያውቅ የሚያውቅ ነው። ደግሞስ የድሮ ሰው ሕግ የተማረው የት ነበር? ዛፍ ሥር በሚቆም ችሎት፣ ከብት ጠባቂው ሁሉ ከቦ እያዳመጠ። የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ዛሬ በእኛ ትምህርት ክፍል ሥነ ቃል ተብሎ ይሰጣል፤ ስለ ቤት አመታቱና ስለ ስልቱ ወረቀት እንጽፋለን፤ ሕግ መማሪያ እንደነበር ማንም አያነሳውም።

የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሕግ ይዞ ገበሬ ፊት የቆመበት ጊዜ በአገራችን አንድ ጊዜ ነበር። ታኅሣሥ 1967 በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ፤ የመሬቱ አዋጅ ሲወጣም አነበቡት፣ አስረዱት፣ የገበሬ ማኅበር አደራጁ። ያን ዘመቻ አናሞግሰውም። ስንት ስሕተት እንደተሠራ፣ ስንት ወጣት በኋላ እንደረገፈ እናውቃለን፤ ብዙዎቹም የአገሩን ቋንቋ የማያውቁ፣ የአገሩን ልማድ «ኋላ ቀር» የሚሉ ነበሩ። ከጓደኛችን «ዝም ይበሉት» ያልተሻለ ምክር የሰጡም አይጠፉም። ሆኖም አንድ ነገር ታይቷል። በዚያ አዋጅ የገበሬ ማኅበራት በክልላቸው የሚነሳውን የመሬት ክርክር የሚያይ የፍርድ ሸንጎ እንዲያቋቁሙ ተፈቅዶ ነበር፤ ገበሬው ቁጭ ብሎ ዳኘ። ሕግ ለሕዝቡ ይከብደዋል የሚለውን ነገር እንግዲህ ለማን ነው የሚነግሩን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪ ሕግ ይሰጥ፤ የሕጉ ጽሑፍ በአማርኛ ይነበብ፤ ክርክሩ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይካሄድ፤ አንቀጽ 5 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና የሰጠው ለጌጥ ካልሆነ። ከአሥራ አንዱ ምዕራፍ ይልቅ አሥራ አንድ ወረቀት ይማሩ፤ መጥሪያ፣ ክስ፣ መልስ፣ የይዞታ ደብተር፣ የሥራ ውል፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ኑዛዜ፣ የጋብቻ ውል፣ የዋስትና ወረቀት፣ ደረሰኝ፣ ይግባኝ። ፈተናውም ፊደል ማጥቆር አይሁን፤ አንድ መጥሪያ ይሰጠውና በዚህ ቀን ምን ታደርጋለህ ተብሎ ይጠየቅ።

ይህን የሚወስነው ግን እኛ አይደለንም፤ መጠየቅም እንደ ሽምደዳ ቀላል ነው። በእጃችን ያለውን ለመጀመር ተስማምተናል። መጥሪያ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳለው፣ በሌለበት የተፈረደበት ሰው አንድ ወር እንዳለው፤ እነዚህን አራት ነገሮች በአማርኛ በአራት ገጽ ጽፈናል። የሸካው ትርጉም ተጀምሯል፤ የቤንችና የካፋ ሰው እንፈልጋለን። በመጪው ክረምት እያንዳንዳችን በየገበያችን እናነበዋለን። ጓደኛችን መጀመሪያ ለአጎቱ ሊያነብ ነው፤ ያን ቀን ሲያስበው ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እኛም አብረነው እንሂድ ብለነው እምቢ ብሏል።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ አራቱን ገጽ አርሙልን። በድጋሚ ዝም ይበሉት ብለን እንዳንሳሳት። ረቂቁ ዓርብ ከምሳ በኋላ ከላይብረሪው ጀርባ ይነበባል፤ ያለፈው እትም ጸሐፊም እንዲመጣልን እንለምናለን፤ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ።